የአርታኢ መግቢያ በጥናት መድበል ውስጥ ያለው ድርሻ

በስደት የምንኖር የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች አንድን የጥናት መድበል ስንጠቅስ ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው መግቢያውን ነው። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ጸሐፊዎች ለዓመታት የደከሙባቸው ምዕራፎች በአንድ ሽፋን ውስጥ ታስረው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በሴሚናሩም፣ በጉባኤውም፣ በመጽሔት ክርክሩም የሚነሣው አርታኢው በፊተኞቹ ሃያ ወይም ሠላሳ ገጾች ያሰፈረው ቃል ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ አሳታሚዎች መግቢያውን ብቻ በኢንተርኔት በነጻ እንዲነበብ ስለሚለቁትና የቀረውን በዋጋ ስለሚይዙት ልማዱ ይበልጥ ጸንቷል። ለብዙ አንባቢ መግቢያው መጽሐፉ ራሱ ሆኗል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ መግቢያ ጸሐፊው በሌሎች ስም የመናገር ሥልጣን ይዟል ማለት ነው። ይህ ሥልጣን ምን እንደሠራና ምን እንዳበላሸ በጥቂት ምሳሌዎች ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአማርኛ መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ መቅድም፣ መግቢያ፣ መክፈቻ ቃል፣ ማስታወቂያ የሚሉ ርእሶች አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ እናያለን። እኛ ከዚህ ላይ መቅድም የምንለው አንድ የተከበረ ሰው መጽሐፉን ለአንባቢ የሚያስተዋውቅበትን አጭር ቃል ነው። መግቢያ የምንለው ግን አርታኢው የተሰበሰቡትን ጽሑፎች ወደ አንድ ጥያቄ የሚያመጣበትን ክርክር ነው። ምስጋናና የምዕራፎች ዝርዝር ብቻ ያለበት ጽሑፍ፣ በራሱ ላይ መግቢያ ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ለእኛ መግቢያ አይደለም።

የብዙ ጸሐፊዎችን ቃል በአንድ ጥራዝ አስሮ በፊቱ የአነባበብ መመሪያ ማስቀመጥ ለአገራችን የመጻሕፍት ባህል እንግዳ ነገር አይደለም። ከጥንታውያን የግዕዝ ወንጌላት ብዙዎቹ ከማቴዎስ በፊት የአውሳብዮስ ዘቂሳርያን ደብዳቤና ዐሥር የማመሳከሪያ ሠንጠረዦች ይዘው ይገኛሉ። በዐድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት፣ በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፉ የተገመቱት ወንጌላት፣ ሠንጠረዦቹን በቀለም ባጌጡ ዐምዶችና ቅስቶች መካከል ያሳያሉ። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በሥዕላቸው ነው፤ እኛ ግን እዚህ የምናነሣቸው ስለ አርታኢነት በሚሰጡት ትምህርት ነው።

አውሳብዮስ ለቀርጲያኖስ በጻፈው በዚያ አጭር ደብዳቤ ከእርሱ በፊት አሞንዮስ እስክንድራዊ የሠራውን ያስታውሳል። አሞንዮስ የማቴዎስን ወንጌል መሠረት አድርጎ የሦስቱን ወንጌላት ተመሳሳይ ክፍሎች በጎኑ አሰልፎ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሦስቱ የየራሳቸው ቅደም ተከተል ፈረሰ። አውሳብዮስ የቀዳሚውን ድካም ካመሰገነ በኋላ ሌላ መንገድ መረጠ። አራቱንም እንዳሉ ትቶ፣ ክፍሎቻቸውን ቈጥሮ፣ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን በሠንጠረዥ አመለከተ። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራቱም የሚናገሩትን፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ሦስቱ የሚናገሩትን፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ሁለቱ የሚጋሩትን ይዘዋል። ዐሥረኛው እያንዳንዱ ወንጌላዊ ብቻውን የተናገረውን ይመዘግባል።

ከዘመናችን አርታኢዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ በደስታ ይሠራሉ፤ ዐሥረኛውን ግን ይዘሉታል። «የዚህ መድበል ጸሐፊዎች ሁሉ እንደሚስማሙበት» ብለው ይጀምራሉ፤ አንዱ ጸሐፊ ብቻውን ያየው ነገር የት እንደገባ ግን አይታወቅም። የአሞንዮስም መንገድ አልጠፋም። አርታኢው የራሱን ምዕራፍ በማቴዎስ ቦታ አስቀምጦ ከሌሎቹ የሚስማማውን እየቈረሰ በጎኑ ይደረድራል።

በአፍሪቃ ጥናት ውስጥ መግቢያ ከምዕራፎቹ በልጦ የታወቀበት ምሳሌ ቢፈለግ በ1940 ሜየር ፎርትስና ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ያዘጋጁት «የአፍሪቃ የፖለቲካ ሥርዐቶች» የተባለው መድበል ይገኛል። ስምንት ጸሐፊዎች ስለ ስምንት ሕዝቦች ጽፈዋል። ጽሑፎቹ ብቻቸውን ቢታተሙ ኖሮ ስምንት ጥሩ ዘገባዎች ይሆኑ ነበር። ሁለቱ አርታኢዎች ግን በሃያ ገጽ ያህል መግቢያ ሕዝቦቹን በሁለት ወገን ከፈሏቸው። ዙሉ፣ ንግዋቶ፣ ቤምባ፣ አንኮሌና ኬዴ ማእከላዊ ሥልጣን፣ የአስተዳደር መሣሪያና የዳኝነት ተቋም ያላቸው ተብለው በአንድ ወገን ተሰለፉ። ሎጎሊ፣ ታለንሲና ኑዌር እነዚህ የሌሏቸው ተብለው በሌላው ወገን ቆሙ። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ አንድ ጥያቄ አገኘ፤ ይኸውም መንግሥት በሌለበት ሥርዐት በምን ይጸናል የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች የተፈተኑት በዚህ ጥያቄ ነው። ስለ ኬዴ የተጻፈውን ምዕራፍ ዛሬ ከመቶ አንባቢ ስንቱ እንዳነበበው እንጃ።

በዚያው ጥራዝ ውስጥ ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል አንድ ነገር አለ። ከመግቢያው በፊት የራድክሊፍ-ብራውን መቅድም ይገኛል። በዚህ መቅድም ራድክሊፍ-ብራውን፣ መንግሥት ከሰዎች በላይ የቆመ አንድ አካል ነው የሚለው አስተሳሰብ የፈላስፎች ልብ ወለድ መሆኑን፣ በገሐዱ ዓለም ያለው የሰዎች ግንኙነት ድርጅት ብቻ መሆኑን ይከራከራሉ። ገጹን ገልጠን መግቢያው ላይ ስንደርስ ደግሞ የአከፋፈሉ መሠረት ማእከላዊ መንግሥት መኖር አለመኖሩ ሆኖ እናገኘዋለን። ታላቁ መምህር ያፈረሱትን ቃል ደቀ መዛሙርቱ ወዲያው የማዕዘን ድንጋይ አደረጉት። ይህ ተቃርኖ በአንድ ሽፋን ውስጥ ሳይሸፈን መውጣቱ ለመጽሐፉ ክብር እንጂ ነውር አይመስለንም። ያሳዘነን፣ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ሌላውን አለማነጋገሩ ነው።

ሁለት ሣጥን ያለው መግቢያ ከሁለቱ በአንዱ የማይገባውን ነገር እንዳናይ ያደርገናል። ከኢትዮጵያ ሕዝቦች ኑዌር በ«ለ» ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። የኦሮሞ ገዳ ሥርዐት ግን በየት ይገባል? አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ንጉሥም የለውም፤ በዘር ሐረግ ፉክክር ብቻም አይቆምም። ስሕተቱ የምዕራፎቹ ጸሐፊዎች አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ያዩትን ጽፈዋል። ዓለሙን በሁለት የከፈለው መግቢያው ነው። በ1958 ጆን ሚድልተንና ዴቪድ ቴት «ገዥ የሌላቸው ነገዶች» የተባለውን መድበል ሲያወጡ በመግቢያቸው ሁለተኛውን ሣጥን ከፍተው በውስጡ ልዩ ልዩ ዓይነቶች እንዳሉ አሳይተዋል። መግቢያ በመግቢያ ሲመለስ የጥናት ታሪክ ወደፊት ይራመዳል።

ወደ አገራችን ጥናት ስንመለስ፣ ከሁሉም ይበልጥ ያከራከረን በ1986 ዶናልድ ዶናምና ዌንዲ ጄምስ በካምብሪጅ ያሳተሙት ስለ ኢምፔሪያል ኢትዮጵያ የደቡብ ጠረፎች የሚናገረው መድበል ነው። የመግቢያነቱን ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው ቦታ የተቀመጠው የዶናም ሰፊ ድርሰት ነው። ድርሰቱ የጥንቱን የሰሜን ኅብረተሰብ አቋም ካስረዳ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ዘመን ወደ ግዛቱ የገቡትን አገሮች ከማእከሉ ጋር ባላቸው ግንኙነት በሦስት ይከፍላቸዋል። አንደኛው፣ እንደ ጅማና እንደ ሌቃ ነቀምት፣ የራሳቸው ባላባቶች ግብር እየከፈሉ የቀጠሉባቸው ከፊል ነጻ ግዛቶች ናቸው። ሁለተኛው ገበሬው ለነፍጠኛው የተደለደለበት የገባር አገር ነው። ሦስተኛው ማእከሉ ከዝሆን ጥርስና ከባሪያ ፍለጋ በቀር ብዙ ያልዘለቀበት የጠረፍ ቈላ ነው።

ይህ አከፋፈል ያደረገውን በጎ ሥራ መካድ አይቻልም። ከእርሱ በፊት «ደቡብ» የሚለው ቃል በክርክሮቻችን ውስጥ እንደ አንድ ወጥ ነገር ይመላለስ ነበር። የነቀምት ባላባት፣ የጌዴኦ ቡና ተካይና የኦሞ ሸለቆ ከብት አርቢ ከአዲስ አበባ ጋር የነበራቸው ግንኙነት አንድ እንዳልነበረ ግልጽ በሆነ ቋንቋ የተነገረን ያን ጊዜ ነው። ይህንንም ማንም ምዕራፍ ብቻውን ሊናገረው አይችልም ነበር፤ ትሪዩልዚ ስለ ነቀምት፣ ማክሌላን ስለ ጌዴኦ ቡና፣ ጋረትሰን ስለ ማጂ የጦር መሣሪያና የባሪያ ንግድ ሲጽፉ እያንዳንዳቸው የያዙት አንድ አገር ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አይቶ ልዩነታቸውን መሰየም የመግቢያው ሥራ ነበር።

የመግቢያው ቃላት በምዕራፎቹ ርእሶች ውስጥ መግባታቸውንም ልብ ማለት ይገባል። ማክሌላን የጻፉት ስለ ማእከልና ጠረፍ ግንኙነት ነው፤ ተርተን ስለ ኩዌጉና ሙርሲ ሲጽፉ በጠረፍ ስላለ የበላይነት ይናገራሉ፤ አልማጎር ደግሞ ዳሰነችን ከመግቢያው ሦስተኛ ክፍል በተወሰደው ስም ይጠሩታል። ይህ አርታኢዎቹና ጸሐፊዎቹ አስቀድመው እንደተነጋገሩ ያመለክታል። መልካም መግቢያ ምዕራፎቹ ከተጠናቀቁ በኋላ በጥድፊያ የሚለጠፍ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚያድግ ነው።

ሆኖም የአልማጎር ምዕራፍ በጥንቃቄ ሲነበብ የመግቢያውን ሣጥን ከውስጥ ይነቀንቀዋል። ርእሱ የሚናገረው ያ ሩቅ ጠረፍ በጊዜ ብዛት ተቋማዊ መልክ ስለመያዙ ነው፤ ማለትም ክፍሎቹ በጊዜ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ጅማም ቢሆን ከፊል ነጻነቱ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዕረፍት ጋር በ1932 አብቅቷል። መግቢያውን ብቻ ያነበበ ሰው ሦስት ዓይነት አገሮች እንደነበሩ ይማራል፤ ምዕራፎቹን ያነበበ ግን አንዱ አገር በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲያልፍ ያያል።

እኛ በስደት ያደረግነው ምንድን ነው? መድበሉ በወጣ ጊዜ በየከተማው የነበሩትን ክርክሮች የምናስታውስ ሰዎች አለን። የደቡቡን ታሪክ ቅኝ ግዛት የሚሉ ወገኖች ሁለተኛውን ክፍል ይዘው ተነሡ፤ የአገር ግንባታ የሚሉት ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ተሟገቱ። ሁለቱም ወገኖች ጥቅሳቸውን የወሰዱት ከዚያው ድርሰት ነው። ስለ ማሌ ወይም ስለ ማጂ የሚናገሩትን ምዕራፎች በእጁ ይዞ የመጣ ተከራካሪ አላጋጠመንም። እኛም ራሳችን ከእነዚህ ወገኖች በአንዱ ነበርን፤ ምዕራፎቹን ያነበብናቸው ሞቅታው ከበረደ በኋላ ነው።

አንድ መግቢያ ከመጽሐፉ አምልጦ ብቻውን ሲሄድ የምዕራፍ ጸሐፊው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ቴረንስ ሬንጀር አሳይተዋል። እርሳቸውና ኤሪክ ሆብስባውም በ1983 ስለ ትውፊት ፈጠራ ባሳተሙት መድበል፣ የሆብስባውም አጭር መግቢያ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል ለዓለም አስተማረ፤ ብዙ ሰውም በየአገሩ ያለውን ልማድ ሁሉ ፈጠራ ነው እያለ ማፍረስ ጀመረ። ሬንጀር በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረችው አፍሪቃ በመድበሉ ውስጥ የጻፉትን በ1993 መለስ ብለው መርምረው፣ ቃሉ የአፍሪቃውያንን ድርሻ እንደሚያሳንስ በመግለጽ «በምናብ መቅረጽ» ወደሚለው አዘነበሉ። እንዲህ ያለ እርማት ከስንት አንድ የሚገኝ ነው።

የመግቢያ ብዛት እንደሚጎዳ ሁሉ የመግቢያ ማጣትም ይጎዳል። በ1959 በሮም የተጀመረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በየጊዜው ከባድ ከባድ ጥራዞች አስገኝቷል። የ1994ቱ የሚሺጋን ጉባኤ ጽሑፎች በሁለት፣ የ1997ቱ የኪዮቶ ጉባኤ ጽሑፎች በሦስት ጥራዝ ወጥተዋል። በእነዚህ ውስጥ ያለው ሀብት ተቈጥሮ አያልቅም። ነገር ግን የጉባኤ ጥራዝ በጠባዩ ጎተራ ነው፤ ጤፉም ገብሱም በአንድነት ይገባል። ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላው ጥያቄዎቻችን እንዴት እንደተለወጡ የሚነግረን ጸሐፊ ስለሌለ፣ በአንዱ ጥራዝ የተመለሰ ጥያቄ በሌላው እንደ አዲስ ሲጠየቅ እናያለን።

የስደት መድበሎቻችን ችግር ከዚህ ይለያል። ጸሐፊዎቻችን በየአህጉሩ የተበተኑ፣ በፖለቲካ የተለያዩ፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት የማይነጋገሩ ናቸው። ስለዚህ አርታኢው ሰላም ለመፍጠር ሲል መግቢያውን የዕርቅ ሰነድ ያደርገዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ መሬት ይዞታ በተዘጋጀ እንዲህ ባለ መድበል ውስጥ አንድ ምዕራፍ አበርክተን ነበር። መጽሐፉ ታትሞ ሲደርሰን መግቢያው፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ መሬት የግል መሆን እንዳለበት በአንድ ቃል እንደሚስማሙ ይገልጻል። እኛ የጻፍነው ግን ጥያቄው በወል የግጦሽ አገርና በእርሻ አገር አንድ መልስ ሊኖረው እንደማይችል ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሐያሲ ያልያዝነውን አቋም ጠቅሶ ገሠጸን። ለአርታኢው ስንጽፍለት የመለሰልን «መግቢያውን ማን ያነበዋል ብለህ ነው፤ ሰው የሚያነበው የአንተን ምዕራፍ ነው» የሚል ነበር። ሐያሲው ያነበበው መግቢያውን ብቻ መሆኑን ልናስረዳው ሞከርን፤ አልተሳካልንም።

በሰው ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን መናገር ይገባናል። በኋላ እኛም በተራችን አንድ መድበል አዘጋጀን። ከጸሐፊዎቹ አንዱ በአገር ቤት የሚያስተምሩ ባልደረባችን ነበሩ። ምዕራፋቸው ስለ አንድ ወረዳ የረኀብ እርዳታ አከፋፈል ሲሆን፣ የጻፉትም በእጅጉ ተጠንቅቀው ነው። እርዳታው በአንዳንድ ቀበሌዎች በወገን የተከፋፈለ «ይመስላል» ብለው፣ ለዚህም ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አክለው ነበር። እኛ ማተሚያ ቤቱ በሰጠን የመጨረሻ ሌሊት፣ ምዕራፎቹን እንደገና ሳናነብ፣ ከየጸሐፊው በደረሰን አጭር መግለጫ ላይ ተመርኩዘን መግቢያውን ጻፍን። የእርሳቸውንም ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልለን፣ ባለሥልጣኖች እርዳታውን ለወገን ጥቅም እንዳዋሉት በማስረጃ አረጋግጠዋል አልን። ዐረፍተ ነገሩ ያማረ ነበር። እኛ የተቀመጥነው ደኅና አገር ነው፤ እርሳቸው ግን ማለዳ ወደ ሥራ የሚገቡት ያንን ዐረፍተ ነገር ሊያነቡ የሚችሉ ሰዎች ባሉበት ነው።

መጽሐፉ በደረሳቸው በወሩ በሰው እጅ ደብዳቤ ላኩልን። ቍጣ አልነበረበትም። «እርስዎ ባሉበት አገር 'ይመስላል' ትንሽ ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቤት ነው፤ ሰው ይኖርበታል» ይላል። ከዚያ በታች የሚፈልጉትን እርማት በሦስት መስመር ጽፈዋል።

ከዚያ ወዲህ የምንይዘው ልማድ ቀላል ነው። መግቢያው ገና ረቂቅ ሳለ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ስለ ራሱ የተጻፈው ክፍል ይላክለታል፤ ያላለውን ካስባልነው ይሰርዘዋል። ጸሐፊዎቹ የሚጣሉበት ነጥብ ካለ መግቢያው በስም ጠርቶ ይገልጸዋል፤ አርታኢውም ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፍ ተጠይቀው ያልሰጡ፣ ወይም ሳይጠየቁ የቀሩ ወገኖች ካሉ ይህም ይጻፋል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ብቻውን የሚናገረው ነገር፣ ከመድበሉ ክርክር ጋር ባይገጥምም፣ ቢያንስ አንድ ዐረፍተ ነገር ያገኛል። ይህ ሁሉ ኅትመትን በወራት ያዘገያል፤ አንዴም ሁለት ጸሐፊዎች በመግቢያው ቃል ባለመስማማታቸው መድበሉ ዓመት ሙሉ ቆይቷል። አሳታሚዎች በዚህ ደስ አይላቸውም።

የባልደረባችንን እርማት በትንሽ ወረቀት አሳትመን በእጃችን በቀሩት ቅጂዎች ውስጥ፣ በመግቢያው ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ አንድ በአንድ ለጠፍነው። ወደ ቤተ መጻሕፍት ቀድመው የሄዱት ግን ዛሬም ያለ እርማት በመደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። አንባቢ ከእነዚህ አንዱ በእጁ ቢገባ፣ ከመግቢያው በፊት ሰባተኛውን ምዕራፍ እንዲያነብልን እንለምናለን።